ቦራ የተባለው ጎማ

ጡረታ የወጣሁ ሰሞን ጎረቤቱ ሁሉ አንድ ጥያቄ ይጠይቀኝ ነበር። «እንግዲህ ምን ሊሠሩ አሰቡ?»

«ልጫወት።»

ይስቃሉ። ቀልድ ይመስላቸዋል። እኔ ቀልደኛ ሰው አይደለሁም፤ ዕድሜዬን ግሬደር ላይ ተቀምጬ የመንገድ አፈር ስገፋ የኖርኩ ሰው ነኝ። ልጫወት ካልኩ ልጫወት ነው።

ልጄ እንኳ ያፍርብኛል። እዚሁ ጋምቤላ ቢሮ ይሠራል፤ ጎበዝ ልጅ ነው፤ ይህን አልክድም። ግን ማንጎው ሥር ከእኩዮቼ ጋር ገበጣ ይዘን ስንጯጯህ ሲያይ አንገቱን ደፍቶ ያልፋል። «ና ቁጭ በል» ስለው «አባዬ፣ ጊዜ የት አለኝ» ይለኛል። ለሥራ ጊዜ አለው። ለለቅሶ ጊዜ አለው። ለስብሰባ ጊዜ አለው፤ ስልኩን ለማሻሸትም ጊዜ አለው። ጨዋታ ላይ ሲደርስ ብቻ ቀኑ ያጥርበታል።

ራዲዮ ላይ ደግሞ ሐኪሞች ይቀርቡና አዋቂ ሰው መጫወት አለበት፣ ለደም ግፊት ይጠቅማል ይላሉ። ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ጨዋታን እንደ ኪኒን በሰዓቱ የሚውጥ ሰው ተጫወተ አይባልም። እኔ የምለው ሌላ ነው፤ እሱን ለማስረዳት ከሥራዬ መጀመር አለብኝ። ምክንያቱም እኔ መጫወት የተማርኩት በልጅነቴ አይደለም፤ ጢም ካወጣሁ በኋላ፣ ደሞዝ እየበላሁ ነው። ፊደልም የቆጠርኩት እንደዚያው ዘግይቼ፣ በመሠረተ ትምህርት ነው። የጎበጠ ነገር ካገኛችሁ እያቀናችሁ አንብቡ።

የተወለድኩት ጎሬ ነው። አባቴ ኮስታራ ሰው ነበር። በእሱ ቤት ወንድ ልጅ ምሳር ማንሳት ከቻለ ጨዋታ አበቃ። መንገድ ሥራ የገባሁት በጉልበት ሠራተኝነት ነው፤ አካፋና ዶማ ይዤ ከጎሬ ቡሬ፣ ከቡሬ ደግሞ ቁልቁለቱን ይዤ እስከ ጋምቤላ ወረድኩ። ከዚያ ግሪስ ቀቢ ሆንኩ፤ ከዚያ ረዳት፤ ከዚያ መሪ አስጨበጡኝ። የመጀመሪያው አለቃዬ የሰው ስም አይጠራም ነበር፤ «አንተ!» ሲል ሁላችንም እንሮጣለን። ሁለተኛው ደግ ሰው ነበር፤ ብቻ አረቄው ከእሱ ቀድሞ ሥራ ይገባል። ደሞዙ ያው ደሞዝ ነው፤ ዘይት ሲገዙበት ስኳር አይበቃም። ስለ እሱ ሌላ ሰው ይጻፍ።

ደርግ ከገባ ጥቂት ዓመት ቆይቶ ከጋምቤላ ወደ አቦቦ በሚወስደው መንገድ ላይ ወዳለ የጥገና ካምፕ አዛወሩኝ። የካምፑ ካቦ፣ የሠራተኛው አለቃ፣ ኦጁሉ የሚባል አኙዋክ ነበር። ትልቅ ሰው ነው፤ በእኛ ደንብ አንቱ መባል ያለበት። አንቱ ስለው ግን ዞሮ ከኋላው ማን እንደቆመ ያያል። «ሁለት ነን እንዴ?» ይላል። ተውኩት።

ኦጁሉን ቅዱስ አድርጌ ልጽፍላችሁ አልፈልግም። ጉረኛ ነበር። ገበጣ ላይ ዓይን እያየው ጠጠር ይሰርቃል፤ ሲያዝ ደግሞ «እጄ ትልቅ ነው፣ ምን ላድርግ» ይላል። ጠዋት ሞተር ከመነሳቱ በፊት የቤተ ክርስቲያኑን መዝሙር በወፍራም ድምፅ ይዘምራል፤ ዜማውን ሲስት እኛን ነው የሚቆጣው። የግሬደሩን ግሪስ ግን ማንንም አያስነካም፤ ራሱ ከሥሩ ገብቶ እያንዳንዱን መገጣጠሚያ በጣቱ ዳስሶ ነው የሚወጣው።

በመጣሁ ሰሞን አንድ ቁራጭ መንገድ ሰጠኝ። ጠረግሁት። ጫማውን አወለቀና በባዶ እግሩ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሄደበት። ተመልሶ መጣ።

«ጎሬ» አለኝ፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሜ ጎሬ ሆነ፤ «መንገዱ ምን አደረገህ?»

«እንዴት ካቦ?»

«የግሬደርህ ምላጭ ይናከሳል። የተናደደ ሰው የጠረገው ነው። እዚህ ቆርጠህ ገባህ፣ እዚያ ዘለልክ። እግሬ ነገረኝ።»

ከዚያ ሥራውን ከሀ ጀምሮ አስተማረኝ። ደረቅ አፈር አይቆረጥም፤ አቧራው ይሄዳል፣ ድንጋዩ ይቀራል። ዝናብ ቀምሶ ገና ጠፈፍ ሲል ነው ጊዜው። መንገድ እንደ ጣራ ቆርቆሮ ሽንሽን ሲያወጣ ከላይ ከላይ መላጨት ዋጋ የለውም፤ ከሽንሽኑ ሥር ድረስ ቆርጠህ አፈሩን መልሰህ ካላነጠፍክ ጥቂት መኪና ሲያልፍበት እዚያው ቦታ ያበቅላል። ከሁሉ በላይ ግን የመንገዱን ጀርባ። መንገድ መሐሉ ጎበጥ፣ ግራና ቀኙ ዘቅዘቅ ማለት አለበት፤ ውሃ ሲወርድበት ወደ ቦዩ ይንሸራተታል። ኦጁሉ የባሮ ልጅ ነውና በታንኳ ነበር የሚያስረዳኝ። «መንገድ የተገለበጠ ታንኳ ነው» ይላል። «ውሃ አይዝም። ካቀናኸው ግን ውሃ ይይዛል። ያኔ መንገድ አይደለም።»

ይህን ሁሉ ነግሮኝ ሲያበቃ «ዛሬ ከሥራ በኋላ ጎማ ትጫወታለህ» አለኝ።

«እኔ ልጅ አይደለሁም ካቦ።»

«ልጅማ ብትሆን አላዝህም ነበር። ልጅ ሳይታዘዝ ይጫወታል።»

ጨዋታው እንዲህ ነው። ከካምፑ አጠገብ መንገዱ ከአንዲት ጉብታ ተነስቶ ወደ አንድ ጅረት ይወርዳል፤ ታች ውሃው በመንገዱ ሥር በተቀበረ ቱቦ ያልፋል። አሥር ሰዓት ተኩል ላይ ሞተር ይጠፋል። መኪና በዚያ መንገድ ብርቅ ነው፤ ከመጣም ከሩቅ ይሰማል። እያንዳንዱ ሰው ያለቀ የላንድሮቨር ጎማ አለው። ከጉብታው ላይ ገፍተህ ትለቀዋለህ፤ ከለቀቅከው ወዲያ በእጅም በእግርም መንካት ክልክል ነው። አጠገቡ እየሮጥክ ግን ልታናግረው ትችላለህ። የፈለግከውን ተናገር። ስደበው፣ አመስግነው፣ ለምነው። መንገዱ ጀርባ ስላለው ጎማው ቀጥ ብሎ አይወርድም፤ ወይ ወደ ግራ ወይ ወደ ቀኝ እያዘነበለ ቦይ ይገባል። ቱቦው ድረስ ያደረሰ አሸነፈ። ብዙ ጊዜ ማንም አያደርስም።

«ጥቅሙ ምንድን ነው?» ብዬ ጠየቅሁት።

«የለውም» አለኝ ኦጁሉ። «ጥቅም ከፈለግህ ያውልህ ግሬደሩ።»

እየተሳደብኩ ጎማዬን ለቀቅሁ። ገና ከመነሳቱ ተጠምዝዞ ቦይ ገባ። «አንተ ሰነፍ! አንተ የማትረባ!» ብዬ ጮህኩበት። ቃሉ ከአፌ ሲወጣ የአባቴ ድምፅ ነው፤ ልክ የእሱ ቁጣ። ቦይ ውስጥ የተኛ ጎማ ላይ ጣቴን ቀስሬ ቆሜ። ሳቄ መጣ። ሆዴን ይዤ መንገዱ ላይ ቁጭ አልኩ። በነጋታው ምላጩን ስይዝ እጄ ለስልሶ ነበር፤ ኦጁሉም በእግሩ ሄዶ አይቶ ምንም አላለም። እሱ ምንም ካላለ ምስጋና ነው።

ቾልን ልንገራችሁ። ቾል ኑዌር ነው፤ ወጣት፣ ሎንጋ፣ ግሬደሩ ላይ ሳይወጣ የእኔን ትከሻ ከላይ የሚያይ። ጊዜያዊ ሠራተኛ ነበር። ከኦጁሉ ጋር ቀኑን ሙሉ ይተራረባሉ።

«እናንተ ኑዌሮች ከላም ጋር ትተኛላችሁ» ይለዋል ኦጁሉ።

«ላም ትሞቃለች። አንተ ከዓሣ ጋር ትተኛለህ፣ ለዚህ ነው የምትሸት።»

ቾል ጎማውን ሉዋል ብሎ ሰይሞታል። ሉዋል ገና ጎረምሳ ሳለ አባቱ የሰጠው ቀይ በሬ ነው፤ በእነሱ ባህል ወጣት በበሬው ይጠራል፣ ለበሬውም ይዘፍናል። ጎማው ሲወርድ ቾል ሁለት ክንዱን እንደ ቀንድ ወደ ላይ አቁሞ እየዘፈነለት ይሮጣል። ሳናይ የምናልፈው ቀን አልነበረም።

ሰፈራው የመጣው እንዲህ ዓመታት ካለፉ በኋላ ነው። ከወሎም፣ ከሌላም ቦታ ድርቅ የፈጀው ሕዝብ በመኪና ተጭኖ መጥቶ በአቦቦ ዙሪያ ሰፈረ። ካምፓችን የሰው እጥረት ነበረበትና ከሰፈራ መንደሩ አንድ ሰው በውሰት ሰጡን። ሰይድ ይባላል፤ የወሎ ገበሬ። ልጆቹን እዚያው አገሩ ቀብሮ ነው የመጣው። ሚስቱን ደግሞ እዚህ ከመጡ ወባ ወሰደቻት። ይህን እሱ አልነገረንም፤ ያመጣው ሹፌር ነው የነገረን። ሰይድ አይናገርም ነበር። አካፋ ስጡት፣ ይሠራል። ምግብ ስጡት፣ ጥቂት ይቀምሳል። ሶላቱን ይሰግዳል። ከዚያ ጉብታው ላይ ቁጭ ብሎ ጎማችን ሲወርድ ያያል፤ ያያል ልበል እንጂ ዓይኑ እዚያ አልነበረም።

ኦጁሉ አንድ ቀን ጎማ እየገፋ ወስዶ ፊቱ አቆመለት። «ያንተ ነው።»

«እኔ ይቅርብኝ፣ ካቦ።»

«እሺ ይቅርብህ። ግን ጎማው ብቻውን ነው።» ትቶት ሄደ።

ጎማው ሰይድ አጠገብ ብዙ ቀን ተቀመጠ። እየተደገፈው ይቀመጥ ጀመር። አንድ አመሻሽ ቾል ሉዋልን ሊለቅ ሲል ሰይድ ተነሳ። ጎማውን ይዞ መጣና ከጎኑ አቆመው። ለቀቁ። የሰይድ ጎማ ትንሽ ወርዶ ወደ ቦዩ ማዘንበል ሲጀምር ያ ሰው ከሆዱ ሥር አንድ ድምፅ አወጣ፤

«ሃ! ቦራ! ተመለስ! ና ቦራዬ፣ ሳብ!»

በግንባሩ ነጭ ያለበት በሬ ቦራ ይባላል። የእርሻ ድምፅ ነው፤ ትልም ለትልም ሲኬድ የሚጮህ። ጎማው እውነት የሰማው መሰለ፤ ተመልሶ መሐል ገባ። ሰይድም ነጠላውን ጥሎ «ሳብ! ሳብ!» እያለ ቁልቁል ተከተለው፤ ቾል ደግሞ በሌላ በኩል ክንዱን አቁሞ። ሁለቱም ጎማዎች ቱቦው ጋ አልደረሱም። ሰዎቹ ግን ደረሱ። ታች ቁጭ ብለው ሲያለከልኩ አየናቸው።

«በሬህ ቀንዱ እንዴት ነው?» ሲል ቾልን ሰማሁት።

ሰይድ በእጁ አሳየው። «እንዲህ፤ ወደ ፊት ገባ ያለ።»

«የኔ እንዲህ፤ ወደ ላይ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰይድ በላ። ተናገረም። ነገሩ ሁሉ ስለ በሬ ነበር፤ ቾልም የሚሰማው ሰው አጥቶ ኖሮ ከጎኑ የማይጠፋ ሆነ። ለእኔ የጨዋታ ነገር እዚያ ላይ ተፈታልኝ። ሰይድን አጽናኑት ብንባል ምን እንለዋለን? የሚባል ነገር የለም። ለጎማ ግን ሁሉም ነገር ይባላል።

ያበላሸው ክፉ ሰው አይደለም። ጓድ አያሌው የሚባል ካድሬ በየጊዜው ካምፑን ሊጎበኝ ይመጣ ነበር። ወጣት ነው፤ ሥራው ላይ ቅን። ስንጫወት ደረሰ። ቆሞ አየ። አንዱን ጎማ ራሱ ገፋና ለቀቀ፤ ጥቂት እርምጃ ሮጠለትም፤ ከዚያ እያየነው መሆኑ ትዝ ሲለው ኮቱን አስተካከለ።

«ጓድ ኦጁሉ፣ ይህ እኮ የብዙኃን ስፖርት ነው። ለምን አይደራጅም?»

«ምኑ?»

«ጨዋታው። የወዛደር ቀን እየመጣ ነው። እንግዶች ይጋበዛሉ፤ ውድድር ይደረጋል፤ ሽልማት ይኖራል።» አሰብ አደረገና ፊቱ በራ። «ለካምፑ አንድ የቋሚ ሠራተኛ ቦታ ተፈቅዷል አይደል? ያ ቦታ ከጊዜያዊዎቹ መሐል ላሸነፈው ይሰጥ። አድልዎ የለም፣ ዘመድ የለም።»

ያ ሰው ደስ ሊያሰኘን ነበር የፈለገው። ኦጁሉ ግን ፊቱ ጠቆረ። ጊዜያዊዎቹ ሁለት ነበሩ፤ ቾልና ሰይድ። ቾል ቋሚ ከሆነ ለሚያጫት ልጅ የሚሰጠውን ከብት መግዛት ይጀምራል። ሰይድ ቋሚ ከሆነ ካምፑ ይቀራል፤ ካልሆነ የውሰቱ ጊዜ አልቋልና ከበዓሉ ማግስት ሚስቱ ወደሞተችበት ጎጆ ይመለሳል።

«ጓድ» አለ ኦጁሉ፣ «ይህ ጎማ ነው። ወደፈለገበት የሚሄድ ነው።»

«እሱን ደግሞ እናስተካክላለን። ጎማው ወደ ቦይ የሚገባው መንገዱ ጎባጣ ስለሆነ ነው። ዕድል ነው እንጂ ችሎታ አይደለም። ሜዳው ትክክል ይሁን፤ ተስተካክሎ ይጠረግ። ጩኸቱም ይቅር፤ እንግዶች ፊት ሥነ ሥርዓት ያስፈልጋል።»

ኦጁሉ ተከራከረ። ዝናብ ሊገባ ነው አለ። ጓድ አያሌው በዓሉ እንዳለፈ በማግስቱ ትመልሱታላችሁ አለ። ኦጁሉ ወደ እኔ ዞረና «ጎሬ፣ ጠፍጣፋ አድርገው» አለኝ። ምላጩን ደልድዬ ያዝኩና ያን ዓመታት ያበጀነውን ጀርባ ላጨሁት። ሥራው ያምር ነበር፤ ይህን መካድ አልችልም። ቁልቁለቱ እንደ ጠረጴዛ ሆነ። ኦጁሉ ግን ጫማውን አላወለቀም።

ከዚያ በኋላ የነበሩት ቀኖች አይወሩም። ቾልና ሰይድ ልምምድ ያዙ፤ ለየብቻ፣ አንዱ ሌላው ሳይኖር። ምሳ ሲበሉ ጀርባ ለጀርባ ሆኑ። አንድ ቀን ሰይድ የቾልን ጎማ በክንዱ ሲመዝን አገኘሁት፤ ሲያየኝ አስቀመጠው። ቾልም ከኦጁሉ ጋር መተራረቡን ተወ፤ ኦጁሉ «ከላም ጋር» ሲለው አካፋውን አንስቶ ይሄዳል። በሬ የሚባል ነገር ከካምፑ ጠፋ። እኔም ላድላ ብል ለማን አደላለሁ? ሁለቱም የፈለጉት እንጀራቸውን ነው።

ሚያዝያ ሃያ ሦስት ደረሰ። አግዳሚ ወንበር ተደረደረ፤ ቀይ ጨርቅ ተሰቀለ፤ እንግዶች ከከተማ በሁለት መኪና መጡ። ሰማዩ ከጠዋት ጀምሮ ከብዶ ነበር። መፈክር ተባለ፤ ንግግር ተደረገ። ከዚያ ሁለቱ ሰዎች አዲስ ሸሚዝ ለብሰው ጉብታው ላይ ቆሙ። ጓድ አያሌው ፊሽካ ነፋ።

ጎማዎቹ ወረዱ። ቀጥ ብለው፣ ጎን ለጎን፣ ዝም ብለው። ሁለቱ ሰዎችም አፋቸውን ገጥመው ተከተሉ። እንዲህ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም፤ ሬሳ የሚሸኙ ነበር የሚመስሉት። ጓድ አያሌው ራሱ ፊቱ ላይ የጠበቀው ደስታ አልነበረም። ግማሽ ላይ ሲደርሱ የቾል ጎማ በደንብ ቀደመ። የሰይድ ጎማ አንዲት ጠጠር ነካችውና መንገዳገድ ጀመረ። ሰይድ ክንዱን ዘረጋ፤ መንካት ክልክል ነው፤ ሰበሰበው። አፉ ይከፈታል፣ ድምፅ አይወጣም።

ያን ጊዜ ቾል ዞሮ አየ። እያሸነፈ ነበር። ቱቦው ፊቱ ነው።

«ቦራ!» ብሎ ጮኸ። «ሃ! ተመለስ ቦራ! ሳብ!»

በኑዌር አፍ የወሎ እርሻ። ሰይድም ወዲያው፣ ሳያስብ ይመስለኛል፣ «ሉዋል! ሉዋል ቀዩ!» አለ። ሁለቱ የየራሳቸውን ትተው አንዱ የሌላውን በሬ እየጠሩ ቁልቁለቱን ወረዱ። እኛ ጠርዝ ላይ የቆምነው ጮህን። ከእንግዶቹም አንዱ ተነስቶ ሲያጨበጭብ አይቻለሁ። ፊሽካው ግን እየተነፋ ነበር። የቾል ጎማ ቱቦው ጋ ደረሰ፤ የሰይድ ተከትሎ ደረሰ፤ ዳኞቹ ግን ተሰብስበው ሁለቱም ጮኸው ደንብ ጥሰዋል አሉ። አሸናፊ የለም። ቦታውም ለሌላ ካምፕ ተላለፈ።

«ደንብ ነው» አለ ጓድ አያሌው፤ ኦጁሉን ቀና ብሎ ማየት አቅቶት።

እንግዶቹ እንደሄዱ ሰማዩ ተቀደደ። የጋምቤላን የመጀመሪያ ዝናብ የማያውቅ ሰው ዝናብ አላየም። ከካምፑ ቆርቆሮ ሥር ቆመን አየነው፤ ውሃው ወደ ቦይ አልሄደም። የሚገፋው ጀርባ የለም። መንገዱን ራሱን ወንዝ አድርጎ ቁልቁል ወረደ፤ አፈሩን ተሸክሞ የቱቦውን አፍ ደፈነ፤ ከዚያ በላዩ ዘለለ። ሲነጋ መንገዱ ተቆርጦ፣ ሰው ገብቶ የማይታይበት ገደል ሆኖ አገኘነው። ቱቦው ተነቅሎ ታች ተኝቷል።

«አቀናነው» አለ ኦጁሉ ገደሉ አፍ ላይ ቆሞ። «ታንኳውን አቀናነው።»

በዚያ መንገድ የሚያልፈው የሰፋሪው እህል ነበር። መኪናዎቹ ወዲያ ማዶ ቆሙ። ገደሉ ውስጥ ተሰልፈን ኩንታሉን በትከሻ እየተቀባበልን ወደዚህ አሻገርነው፤ ጭቃው እስከ ጉልበት፣ እህሉ ግማሹ ርሶ። ከዚያ ከራሰው እህል የተጋገረ ዳቦ የበሉ ሕፃናት ነበሩ። እኔ መሪ ከያዝኩ ብዙ መንገድ ተበላሽቶብኛል፤ ድልድይ ሄዶብኛል፤ ዶዘር ረግረግ ውጦብኛል። በእጄ አሳምሬ ያበላሸሁት ግን ያ አንድ ነው።

መንገዱ ስለተቆረጠ ሰይድን የሚመልስ መኪና አልነበረም። ለጥገናውም ሰው ያስፈልግ ነበርና ክረምቱን እኛ ጋ ቆየ። ቅርጫት በቅርጫት አፈር ሞላን። ዝናቡ ፋታ ሲሰጥ እኔ በግሬደር አነጥፋለሁ፤ ቾልና ሰይድ እያንዳንዱን ንብርብር በእንጨት ይጠቀጥቃሉ። አብረው ነበር የሚጠቀጥቁት፤ እንደገና ይነጋገራሉም። ጎማ ግን ማንም አልነካም። የከለከለን የለም፤ ልባችን ነው እምቢ ያለው። ኦጁሉም አላዘዘም። ጠዋት መዝሙሩን እንኳ ለራሱ ነበር የሚያጉረመርመው።

መስከረም አልፎ መሬቱ ጠፈፍ ሲል የመንገዱ ጀርባ ተመለሰ። ኦጁሉ ጫማውን አውልቆ ሄደበት፤ ምንም አላለም። በዚያው ሳምንት የሰፈራው መኪና መጣና ሰይድን ወሰደው። ቾል ዕቃውን ጫነለት። አንዲት ከረጢት ናት። ሰይድ መኪናው ላይ ሆኖ ጎማውን ሲያይ ቾል አንስቶ አቀበለው፤ ሹፌሩ «ይህ አሮጌ ጎማ ለምንህ ነው?» ሲለው ሰይድ ጎማውን እቅፍ አድርጎ ያዘ። መኪናው በሠራነው መንገድ ላይ ወርዶ ጠፋ። ያ ሰው እዚያ ጎጆ ውስጥ ተመልሶ ዝም ይላል፣ እንደ መጣው ይሆናል ብለን ፈራን። ቾል በተለይ። ምሳውን ሳይበላ ዋለ።

ሳምንታት ሄዱ። ሣሩ ደረቀ፤ አገሬው ሣሩን ማቃጠል ጀመረ። አንድ እሑድ አመሻሹ ላይ ካምፑ በር ላይ ተቀምጠን ሳለ ኦጁሉ ዓይኑን አጨነቆረ።

«ያ የሚመጣው ምንድን ነው?»

በአቦቦ በኩል መንገዱ ላይ ሰዎች ይመጣሉ። ከፊታቸው አንድ ጎማ እየተንከባለለ ነው። ሰይድ ነው! ከኋላው አራት የመንደሩ ሰዎች፣ ጋቢ የለበሱ፣ በትር የያዙ፤ ሁሉም ያገሩ ሰዎች። ቾል ተነስቶ ሮጠ።

«ምነው፣ ደህና?» አለ ኦጁሉ። «ምን ልትል መጣህ? ቦታ የለም እኮ።»

«ቦታ አልፈልግም» አለ ሰይድ። ላቡን በነጠላው ጠረገ። «እነዚህ ጎረቤቶቼ ናቸው። እዚያ ሜዳ ነው፤ ቁልቁለት የለንም። ለእነሱም ጎማ ይኖርሃል?»

ኦጁሉ ዕቃ ቤቱን ከፈተ። ለእያንዳንዱ አሮጌ ጎማ አወጣላቸው። ወደ ጉብታው ወጣን። ሰዎቹ መጀመሪያ አፈሩ፤ ትልልቅ ገበሬዎች ናቸው። አንዱ ሳቅ አለ፣ አንዱ በትሩን ጣለ። ሰይድ «ሃ! ቦራ!» ብሎ ሲለቅ ተከተሉት፤ «ጉራች! ወይኖ! ና አያ ወይኖ!» እያሉ። ያ ቁልቁለት በወሎ ድርቅ ያለቁ በሬዎች ስም ሞላ። ጎማዎቹ አንድ በአንድ እየታጠፉ ቦይ ይገባሉ፤ ሰዎቹ እየተሳደቡ ያወጧቸዋል።

ከአራቱ አንድ ሽማግሌ ብቻ ጎማውን ይዞ ጉብታው ላይ ቀረ። ዕድሜው ከኦጁሉ ይበልጣል። በመዳፉ ጎማውን ከላይ ያሻሸዋል።

ቾል ቀረበው። «አባባ፣ ስሙ ማን ነው?»

«ዳለቻ» አለ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ግን አታሩጡብኝ። ከበላ ቆይቷል።»

ኦጁሉ መጣና ከጎኑ ቆመ፤ ሁለቱ ሽማግሎች ቁልቁል አዩ።

«እንግዲያው ልቀቀው» አለው ኦጁሉ። «ታች ጅረቱ ዳር ሣር አለ።»

ሽማግሌው በቀስታ ገፋው።